በመስቀል የሚከፈት ቢሮ

ጡረታ ወጥቼ ቁልፍ ያስረከብኩ ዕለት፣ የተረከበኝ ወጣት ባለሙያ መዝገቦቼን ሲያገላብጥ ቆየና ቀና አለ።

"ጋሽ ፈቃዱ፣ ይሄ ምንድን ነው? በየዓመቱ መስከረም አሥራ ሰባት ሰው ተመዝግቧል። መስቀል አይደለም እንዴ?"

"ነው" አልኩት።

"ቢሮ ከፍተው ነበር? በመስቀል? እርስዎ ጉራጌ አይደሉም እንዴ!"

የትርፍ ሰዓት ተከፍሎኝ እንደሆነም ጠየቀኝ፤ ሳቅኩበት። የመጀመሪያውን ጥያቄውን ግን አለፍኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ሰውን "ንገረኝ፣ ንገሪኝ" ስል የኖርኩ ሰው፣ ተራዬ ሲደርስ ሸሸሁ። "ታሪኩ ረጅም ነው" ብዬው ወጣሁ። ያኔ ያልነገርኩትን ነው አሁን የምጽፈው። የመጨረሻው ክፍል ደግሞ ከዚያ በኋላ፣ ገና በዚህ መስከረም የደረሰብኝ ስለሆነ፣ ድንጋጤው አልለቀቀኝም።

የኛን አገር ለማያውቅ አንድ ነገር ላስቀድም። ቸሃ ተወልዶ መስቀልን ከአገሩ ውጪ የሚውል ሰው ወይ ታሟል ወይ ታስሯል ይባላል። ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ፣ ሠራተኛው ፈቃድ ለምኖ ይገባል። እኔም ሥራ ከያዝኩ ጀምሮ ለብዙ ዓመት አንድም መስቀል ሳይቀረኝ እናቴ ቤት ስገባ ኖሬያለሁ። ይህን የምለው ስለምኮራበት ነበር፤ አሁን ግን ጥፋቴም የመነጨው ከዚያው እንደሆነ አውቃለሁ።

ሥራ የጀመርኩት ቡኢ ነው፣ በሒሳብ አስተማሪነት። በሦስተኛው ዓመት ርዕሰ መምህራችን ጠርቶ፣ "ፈቃዱ፣ አንተ ሒሳብ ከምታስተምር ሰው ብትመክር ይሻላል" አለኝ። ምስጋና መስሎኝ ለወር ያህል ስንጎራደድ ከረምኩ። የሁለት ሳምንት ሥልጠና ሰጡኝና ቡታጅራ ወደ አንድ ትምህርት ቤት፣ የምክር አገልግሎት ክፍል ላኩኝ። እዚያ ነው እትዬ የሺን ያገኘኋቸው።

እትዬ የሺ የጎጃም ሰው ናቸው። የመንግሥት ሠራተኛ ባላቸውን ተከትለው ቡታጅራ መጡ፤ ባላቸው ሲሞቱ "ተመለሺ" ቢባሉ እምቢ ብለው ቀሩ። ቢሯቸው ጠረጴዛ ነበረው፤ እሳቸው ግን ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጠው አያውቁም። ሁለት ወንበር ጎን ለጎን፣ ሁለቱም ወደ መስኮቱ። "ፊት ለፊት የሚቀመጥ ዳኛ ነው" ይሉ ነበር። ሰው ሊናገር አፉን ሲከፍት፣ "ቆይ" ብለው ተነሥተው በሩን በእጃቸው ይዘጋሉ፤ መዘጋቱን ደግሞ ገፋ አድርገው ያረጋግጣሉ። እንግዳው ሳይወጣ ብዕር አይነኩም። ከሁሉ የገረመኝ ግን "አገርህ የት ነው?" ብለው አለመጠየቃቸው ነው። እኛ ጉራጌዎች ከሰላምታ ቀጥሎ የሰውን አገርና ዘር እስከ ቅድመ አያት ካልቆጠርን እንቅልፍ አይወስደንም። እሳቸው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፤ "ቤት ስትገባ በሩን የሚከፍትልህ ማን ነው?"

መጀመሪያ ላይ የሚያፌዙ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን አንድ የመስቃን ጉራጌ ገበሬ፣ ሽማግሌ ሐጂ መጡ። "አሰላሙ አለይኩም" ብለው ሳይቀመጡ ነገራቸውን ጀመሩ። ልጃቸው አዲስ አበባ አጎቱ ዘንድ አድጎ በቅርቡ ተመልሷል። በአማርኛ ካልሆነ አይመልስላቸውም።

"ቋንቋዬን ጠልቷል፤ እኔንም ጠልቷል ማለት ነው" አሉ።

እትዬ የሺ ተነሥተው በሩን ዘጉ። "ሐጂ፣ ልጅዎ ሲገባ በሩን ማን ይከፍትለታል?"

"እኔ ነኛ! ሌላ ማን አለ?"

"ምን እያሉ?"

ሐጂ ጢማቸውን ዳበሱ። "ያው... 'የት ጠፍተህ ነው፣ ዱርዬ' እያልኩ ነዋ።"

"በየትኛው ቋንቋ?"

"ስቆጣ እንኳ በራሴው ነው።"

"ሲደሰቱበትስ?"

ሐጂ በዱላቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። "ስደሰትማ በአማርኛ ነው" አሉ በመጨረሻ፣ "እንዲገባው ብዬ።" ለካ ልጁ የአባቱን ቋንቋ የሚሰማው ሲሰደብ ብቻ ነበር። ሐጂ ሲወጡ በድንጋጤ ዱላቸውን ረስተው ሄዱ። እኔም አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ በሥልጠናው ሁለት ሳምንት እንዲህ ያለ ነገር አልተነገረኝም ነበር።

የመጀመሪያውን መስቀል አክብሬ ስመለስ የቢሮውን መዝገብ ከፈትኩ። የመስቀል ዕለት ብቻ ሁለት ገጽ ሙሉ ሰው ተጽፏል። የአረፋ ዕለት ያየሁትም እንደዚያው ነበር። ከተማው ሁሉ ወደ አገሩ ሲገባ እሳቸው ቢሮ ከፍተው ይውላሉ። እናቱ ከወዲያ አባቱ ከወዲህ የሆነ ተማሪ፣ ከሩቅ ተመድቦ የመጣ መምህር፣ በሁለት በዓል መሃል የቆመች ሙሽራ፣ ሁሉም ወደሳቸው ነው የመጣው።

"እትዬ፣ እርስዎ መሄጃ ስለሌለዎት ነው እንጂ" ብዬ ቀለድኩ።

"ልክ ነህ" አሉ ሳይቆጡ። "አንተ በር ሲከፈትልህ ስለኖርክ፣ በር የሚባል ነገር መኖሩንም አታውቅም።"

እኔ ይሄንን እንደ ቀልድ ይዤ ለሰው ሳወራው ኖርኩ።

ከዓመታት በኋላ ወደ ወልቂጤ ተዛወርኩ፣ ወደ አንድ ኮሌጅ። አለቃዬ ሪፖርት የሚወድ ሰው ነበር። "በዚህ ወር ስንት መከርክ?" ይለኛል፣ ችግኝ የተከልኩ ይመስል። ራሔል የመጣችው ያኔ ነው።

ራሔል የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። የመጣችው መኝታ ክፍል ለመቀየር ነው። ምክንያቷን ስጠይቃት "ራሴን ያመኛል" አለች። ቀስ እያልኩ አናገርኳት። እናቷ ወሎዬ ናት፤ ከሁለት ዓመት በፊት ሞታለች። አባቷ የቸሃ ሰው ነው። እዚያ ወሎ አያቷ ቤት ስታድግ "የጉራጌዋ" ነበር የሚሏት። እዚህ ስትመደብ ደስ ብሏት መጣች። መጥታ ግን ቋንቋውን አትችል፣ ዘመድ አታውቅ።

"አሁን ደግሞ መስቀል ሊደርስ ነው" አለችኝ። "ክፍሌ ያሉት ሁሉ 'አንቺስ የት ትገቢያለሽ?' ይሉኛል። እንደ አምና የውሸት ሻንጣ ይዤ መውጣት ሰለቸኝ፣ ጋሼ።"

"የውሸት ሻንጣ ምንድን ነው?"

"ከነሱ ጋር እስከ መናኸሪያ እሄዳለሁ። ሲሳፈሩ ተመልሼ ባዶ ክፍል ውስጥ እተኛለሁ።"

ልቤ ተሰበረ። የአባቷን ስም ስትነግረኝ ደግሞ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ሳህሌ! የመርካቶው ነጋዴ፣ ከእናቴ ቤት የአንድ ጥሪ ርቀት ላይ ለመስቀል የሚገባበት ቤት ያለው ሳህሌ! ሚስትና ልጆች እንዳሉት አውቃለሁ። ታዲያ ምን ቸገረው፣ በመስቀል ቤት ይሰፋል አልኩ። መጠየቅ የነበረብኝን አንዱን ጥያቄ አልጠየቅኩም። ይልቅ እንደ አባት ተንጎራድጄ፣ "አንቺ አገር አለሽ! አገርሽ ትገቢያለሽ! እኔ ራሴ ነኝ የማደርስሽ!" አልኳት። ዓይኗ ሲበራ አየሁ። በራሴ ምን ያህል እንደተደሰትኩ አሁን ሳስበው ያንቀጠቅጠኛል።

ወልቂጤ ገበያ አብረን ወጥተን ለአባቷ ጋቢ ገዛች። አረንጓዴ ጥለት ያለውን የመረጥኩላት እኔ ነኝ። "ሳህሌ አረንጓዴ ይወዳል" አልኳት፣ ሳህሌ ምን እንደሚወድ ሳላውቅ።

የደመራ ዕለት ከሰዓት ሚኒባስ ተሳፈርን። ሰው በሰው ላይ ነው፤ ጣሪያው ላይ ፍራሽ፣ እግራችን ሥር ቅቤ። ተጨንቃ ስለነበር ላስቃት ብዬ የእትዬ የሺን ወግ አወራሁላት። "ቡታጅራ አንዲት ሴትዮ አሉልሽ፣ መሄጃ ስለሌላቸው በመስቀል ቢሮ ከፍተው የሚውሉ!" ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

ከመኪና ወርደን ጀፎረው አፍ ላይ ደረስን። ጀፎረ በመንደራችን መሃል የሚያልፈው ሰፊ መስክ ነው፤ ቤቶቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው፣ በየጓሯቸው እንሰት ተክለው ወደ እሱ ይመለከታሉ። መስኩ በሰው ተሞልቷል። እናቴ በራፏ ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ቸኮልኩ።

"ያቺውና" አልኳት በጣቴ እያሳየሁ፣ "ከዝግባው ቀጥላ ያለችው። በርቺ! ነገ እመጣለሁ።"

ከዝግባው እስከቆምንበት ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም። እሷን እዚያ ትቼ ወደ እናቴ ሮጥኩ።

በማግስቱ አልሄድኩም። ቤታችን በሬ ታርዶ ነበር፤ ሥጋ ስከትፍ፣ ስመርቅ፣ ስመረቅ ዋልኩ። "ከአባቷ ጋር ትጥገብ፣ ልረብሻቸው አይገባም" አልኩ ለራሴ። በሦስተኛው ቀን ክትፎና ቆጮ ቀርቦ ተሰብስበን ስንበላ የወንድሜ ሚስት ወሬ ጀመረች።

"ሳህሌ ቤት የደመራ ዕለት የሆነውን ሰማችሁ? አንዲት መንገድ የጠፋት ልጅ መጥታ! ትልቋ ልጁ በሩን ከፍታ 'ማን ልበል?' ስትላት፣ 'የሳህሌ ልጅ በይው' አትላትም? 'የሳህሌ ልጅማ እኔ ነኝ!' አለቻት። ሳህሌ ራሱ ወጥቶ 'ተሳስታ ነው፤ የወልቂጤን መንገድ አሳይዋት' አለ። ልጂቱም የያዘችውን ጋቢ ለልጁ ሰጥታ ሄደች አሉ። ወይ ጉድ! መንገድ ጠፍቶት ጋቢ የሚሰጥ ሰው አይቶ የሚያውቅ አለ?"

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እኔም ሳቅኩ። ይህን መጻፍ አልፈልግም ነበር፤ ግን ከሰው እኩል ሳቅኩ። ከዚያ "ጋቢ" የሚለው ቃል ዘግይቶ ጆሮዬ ገባ።

"ጥለቱ ምን ዓይነት ነው?" አልኩ።

"አረንጓዴ።"

ጉርሻው አፌ ውስጥ እንዳለ ተነሥቼ ወጣሁ። ሳህሌ ቤት ስደርስ በራፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ተቀምጧል። ጋቢውን ለብሶታል። ልጆቹ ከበውታል፣ ሚስቱ ከኋላው ቆማለች። የራሔልን ስም ልጠራ አፌን ስከፍት እጄን ያዘኝና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ፈቃዱ፣ በመስቀል አምላክ። ሚስቴ አታውቅም። ለልጅቷ ገንዘብ ብልክላት ኖሮ... ዛሬ ግን በዓል ነው፣ ቤቴን አታፍርስ" አለኝ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። ልመታው ሄጄ የነበርኩት ሰውዬ ቆሜ ቀረሁ። እሱ በሩን ዘጋባት፤ ወደ በሩ የላክኋት ግን እኔ ነኝ። ምን ብዬ ልቆጣው?

ወልቂጤ ስደርስ አልጋዋ ባዶ ነበር። ጥበቃው፣ "የደመራ ዕለት ማምሻውን መጣች፤ ጠዋት ጎህ ሲቀድ ዕቃዋን ጠቅልላ ወጣች" አለኝ። መናኸሪያ የማውቀውን ሹፌር ጠየቅኩ። "ከቸሃ ባዶዬን ስመለስ ጭኛታለሁ" አለኝ። "በደመራ ወደ አገር የሚገባ እንጂ የሚወጣ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ሒሳብ ልቀበላት አፈርኩ።" ከዚያ ወዲያ ወሬዋ ጠፋ።

ኃጢአቴን ይዤ ቡታጅራ እትዬ የሺ ቤት ሄድኩ። ሳሎን ጎን ለጎን ተቀመጥን። የጓዳው በር ገርበብ ብሎ ነበር፤ እንደ ልማዳቸው ተነሥተው ይዘጉታል ብዬ ጠበቅኩ። አልዘጉትም። እርጅና ነው አልኩና ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው፣ ሳቄን እንኳ ሳልደብቅ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

እሳቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። "በሩ ድረስ ሸኘሃት?"

"አልሸኘኋትም።"

በእጃቸው ወደ ውጭው በር አመለከቱኝ። "በል ሂድ። ለከርሞ መስቀል ቢሮህን ክፈት።"

ከፈትኩ። ከዚያ መስቀል ጀምሮ ጡረታ እስክወጣ አሥራ አራት መስቀል ወልቂጤ ቢሮዬ ውስጥ ዋልኩ። እናቴ፣ "የሰው ልጅ ስትጠብቅ የራስህ እናት አረጀች" ብላ ላከችብኝ። ከመስቀሉ በኋላ እየሄድኩ እጠይቃት ነበር፤ በዓሉ ካለፈ በኋላ የመጣ ልጅ ግን እንግዳ ነው። አንድ ዓመት ደመራውን በራፏ ላይ ቁጭ ብላ ስትጠብቅ ዋለች አሉ። የኅዳር ወር ሳይገባ ሞተች። እኔ ደግሞ የቢሮዬ በር በተንኳኳ ቁጥር ራሔል ትሆናለች ብዬ እደነግጥ ነበር። ሌሎች መጡ፣ ብዙ መጡ። እሷ አልመጣችም።

እትዬ የሺ ዘንድ እግሬን አላነሣሁም፤ አፈርኩ። በየዓመቱ ስልክ እየደወሉ "ከፈትክ?" ይሉኛል። "ከፍቻለሁ።" "የልጅቷን ወሬ ሰምተዋል?" እላቸዋለሁ። "ብሰማም አልነግርህም" ይሉኛል። እንደ ልማዳቸው የሚያሾፉብኝ መስሎኝ ስልኩን እዘጋለሁ።

ዘንድሮ ጡረታ ወጣሁ። ቁልፍ የለኝም፤ ቢሮው በመስቀል ዝግ ነው። ደመራ ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው ሻንጣዬን ያዝኩና ወልቂጤ መናኸሪያ ወጣሁ። የቸሃው ሚኒባስ ረዳት "አንድ ሰው! አንድ ሰው!" እያለ ይጮሃል። እግሬ እምቢ አለኝ። የእናቴ ቤት የወንድሜ ልጆች አሉ፤ እኔ ቢሮ ስከፍት የተወለዱ፣ መልኬን በቅጡ የማያውቁ። መኪናው ሞልቶ ሲወጣ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ሁለት መኪና ቀይሬ ቡታጅራ ገባሁ።

የእትዬ የሺን የግቢ በር አንኳኳሁ። አንዲት ጠና ያለች ሴት ከፈተች። እጇ ሊጥ ነክቶታል፤ ከጎረቤት ጋር በመስቃን ቋንቋ የጀመረችውን ሳቅ ገና አልጨረሰችም።

"ማን ልበል?" አለችኝ።

"ፈቃዱ በይልኝ። ከወልቂጤ።"

ሳቋ ቆመ። ያኔ ነው ያወቅኳት። ሻንጣዬ ከእጄ ወደቀ።

"ራሔል?"

"ይግቡ፣ ጋሼ" አለች ቀስ ብላ።

እትዬ የሺ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ አፋቸው ግን እንደዱሮው ነው። "ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ደነገጠ?" አሉ። "ደግ። ይደንግጥ።"

ራሔል ነገረችኝ። ያን ዕለት መድረሻ ሲጠፋት፣ ሚኒባስ ውስጥ እየሳቅኩ ያወራሁላት ወግ ትዝ አላት። በአገሩ ሁሉ በመስቀል የሚከፈት በር ያን አንዱን ብቻ ነበር የምታውቀው። መጣች፤ ቀረች። ትምህርቷን እዚሁ ጨረሰች፣ እዚሁ መምህር ሆነች። እትዬ የሺ ጡረታ ሲወጡ ቢሯቸውን ወደ ሳሎናቸው አዛወሩት፤ አሁን በመስቀልም በአረፋም በሩን የምትከፍተው ራሔል ናት። "'የማን ልጅ ነሽ?' ሲሉኝ 'የእትዬ የሺ' እላለሁ" አለች። "ጠያቂው እስከ ቅድመ አያት ልቁጠር ካለም ይቁጠር፤ ጎጃምም፣ ወሎም፣ ቸሃም ይገባበታል።"

"ያኔ ስመጣስ... እዚህ ነበርሽ?"

"ጓዳ ነበርኩ። በሩን እንዳይዘጉት የለመንኳቸው እኔ ነኝ።"

"በዕድሜዬ አንድ ቀን በር ሳልዘጋ ሰው አናገርኩ" አሉ እትዬ የሺ። "ይቅር በለኝ።"

ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። የሳቅኩትን ሰምታለች። ያለቀስኩትንም ሰምታለች።

"እናትዎ ደህና ናቸው?" አለችኝ ራሔል። "ያን ዕለት ሲሮጡ ከኋላዎ አይቼ፣ እንዲህ የሚሮጡላት እናት ምን ዓይነት ናት እያልኩ ነበር።"

"ሞታለች" አልኩ።

ራሔል ወንበሯን ስባ ከጎኔ ተቀመጠች። ሁለታችንም ወደ መስኮቱ አየን።

"ጋሼ፣ መስቀል ደርሷል። ለምን አገር አልገቡም?"

"ልገባ ነበር። ከመናኸሪያ ተመለስኩ።"

"ሻንጣ ይዘው?"

"ሻንጣ ይዤ።"

ከዚያ እኔ አንድም ቀን ያልጠየቅኳትን ጠየቀችኝ። "ቤት ሲገቡ በሩን የሚከፍትልዎ ማን ነው?"

ስንቱን ሰው የጠየቅኩት ጥያቄ ነው። መልስ ፈለግኩ፤ የወንድሜን ልጆች ስም እንኳ በቅደም ተከተል መጥራት አቃተኝ። ራሔል ተነሥታ እጇን ታጠበች፣ ሻንጣዬን አነሣች።

"በሉ ይነሱ፣ ልሸኝዎ" አለች። "ነገ ለደመራው እመለሳለሁ፤ እንግዶቼ ከነገ ወዲያ ነው የሚመጡት።"

"እስከ መናኸሪያ?" አልኳት።

"እስከ በሩ ነዋ" አለችና ነጠላዋን ደረበች።